ሁለት በርሜል በለስ

በለስን በበርሜል ማሳደግ ከባድ ነገር አይደለም። ከባዱ የእህትን በለስ እያዩ መኖር ነው። አሁን የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚህ ሰው ሁሉ በረንዳው ላይ በቀለም ባልዲ ቃሪያና ጎመን ያበቅላል። ባለፈው ሰሞን አንዲት ጎረቤቴ «እማማ፣ በለስ በባልዲ ይሆናል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይሆናል ብዬ አፈሩን፣ ውኃውን፣ ፀሐዩን አንድ በአንድ ነገርኳት። የቀረውን አልነገርኳትም፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በለስ ስል በክረምት በየመንገዱ እየተላጠ የሚሸጠውን የቁልቋል ፍሬ ማለቴ አይደለም። ቅጠሉ እንደ መዳፍ የተዘረጋውን፣ ሲቆርጡት ነጭ ወተት የሚያወጣውን፣ የሾላን ዘመድ ነው የምለው። እኛ ቤት የገባው አባቴ ከድሬዳዋ በባቡር ይዘውት መጥተው ነው።

አባቴ የሐዲድ ካቦ ነበሩ። ሰው እየመሩ የላላ ብሎን ያስጠብቃሉ፣ ጠጠር ያስደለድላሉ፣ የተጣመመ ሐዲድ ያቀናሉ። የምንኖረው በኩባንያው ቤት ነበር። የዝውውር ደብዳቤ ከመጣ በሳምንት ውስጥ ዕቃን ፉርጎ ላይ ጭኖ መሄድ ነው። ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ ሞጆ እያልን ነው አቃቂ የደረስነው። ስለዚህ በእኛ ዘመን የባቡር ሰው መሬት ላይ ዛፍ አይተክልም። ጤና አዳሙም፣ ሎሚውም፣ በለሱም በበርሜል ነው። ዝውውር ሲመጣ ዛፉ ከአልጋውና ከሣጥኑ ጋር ይጫናል።

በርሜሉ የባቡሩ ቅባት የሚመጣበት፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚል ነው። አባቴ መጀመሪያ ውስጡን በእሳት አቃጥለው ቅባቱን ያስለቅቁታል። ቂጡን በወፍራም ምስማር ይበሱና ከሐዲድ የተረፈ ጠጠር ያነጥፉበታል። በላዩ የአቃቂ ወንዝ አሸዋ፣ ጥቁር አፈርና ከኮዬ ገበሬዎች የሚገዛ የደረቀ ፍግ እኩል እኩል ቀላቅለው ይሞሉታል። ጥቁር አፈር ብቻውን ከሆነ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ በርሜሉን ከተሰበረ ፉርጎ በወጣ ጣውላ ላይ ያስቀምጡታል እንጂ መሬት አያስነኩትም። በየወሩ በልደታ ቀን በርሜሉን አዘንብለው ሥር በቀዳዳው ሾልኮ እንደሆነ በእጃቸው ይዳብሳሉ፤ ካገኙ በቢላ ይቆርጡታል። «መሬት ከያዘች፣ የምንሄድ ቀን ትሞትብናለች» ይሉ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ በስምንት ዓመቴ አውቅ ነበር። ታናሽ እህቴ የምታውቀው ፍሬውን መብላት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። በእህቴ መቅናቴ በበለስ አልጀመረም። እሷ አዋሽ ሳለን ነው የተወለደችው፤ በሙቀቱ ታማ ስትነጫነጭ አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ደረታቸው ላይ አድርገዋት ሲመላለሱ አየሁ። እኔን እንደዚያ ይዘውኝ አያውቁም፤ ታምሜ አላውቅማ። ከዚያ ወዲያ ለመታመም ብዙ ሞክሬአለሁ፤ አንድ ጊዜ በፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነበር። ምንም አልሆንኩም። ጤነኛና ታዛዥ ልጅ ሆኜ አደግሁ፤ ለዚህም ማንም አላመሰገነኝም።

ስዳር አባቴ ከእናትየዋ በለስ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ሥር አስይዘው፣ በበርሜል ሰጡኝ። ባሌ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው ኋላ ሁለት ክፍል ተከራየን። ከሦስት ዓመት በኋላ እህቴ ስታገባ ለሷም ያንኑ ዓይነት በለስ፣ በዚያው ዓይነት በርሜል፣ ለፉርጎ ተቀብቶ የተረፈውን ያንኑ ቀይ ቀለም ቀብተው ሰጧት። ቤቷ ከእኔ አሥር ደጅ ያህል አልፎ፣ ቦኖ ውኃው አጠገብ ነበር። ሁለቱን በርሜሎች ጎን ለጎን ቢያቆሟቸው የሚለያቸው አልነበረም።

እኔ እንደተማርኩት አደረግሁ። በየልደታው በርሜሌን አዘንብዬ ዳበስኩ፤ የሾለከውን ሥር ቆረጥኩ። ጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበት ግድግዳ ሥር አቆምኩት፤ ክረምት ሲገባ ጣራው ሥር አስጠጋሁት። እህቴ ገና በመጀመሪያው ክረምት ማገዶ ሲወደድ ከበርሜሏ ሥር ጣውላውን አውጥታ ፈልጣ ወጥ ሠራችበት። በርሜሉን ባዶ መሬት ላይ ዘጭ አድርጋ ተወችው። ዓይኔ እያየ ነው ይህን ያደረገችው። በሆዴ «ቆይ፣ ታያለሽ» አልኳት።

የታየው ሌላ ነው። በሦስተኛው ዓመት የኔዋ አምስት በለስ አፈራች። የእህቴን ቆጠርኩ፤ ቀናተኛ ቆጣሪ ነው። አርባ ሰባት። አንዱን ደግሜ ቆጥሬው ይሆናል ብዬ እንደገና ቆጠርኩ፤ አርባ ስምንት ሆነ። ድብን አልኩ።

አባቴ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይጠይቁናል። መጀመሪያ እኔ ጋ ነው፤ ቤቴ ለጣቢያው ይቀርባል። በለሴን አየት ያደርጋሉ፣ «ደህና ይዘሻታል» ይላሉ፣ ከባሌ ጋር ስለ ሥራ ሁለት ቃል ይለዋወጣሉ፣ ይነሣሉ። ከዚያ እህቴ ጋ ሄደው እስኪመሽ ይቀመጣሉ። ሲመለሱ በደጄ ያልፋሉ፤ በመሐረብ የቋጠሩትን ፈተው ሁለት የበሰለ በለስ ይሰጡኛል። «ከእህትሽ ነው፤ ይቺማ አገሯን አገኘች» ይላሉ፣ ፊታቸው እየፈካ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እቀበላለሁ። እሳቸው ዞር ሲሉ ለዶሮዎቼ እወረውረዋለሁ። ዶሮዎቹ ሲሻሙበት እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር።

እናታችን በአንድ መስከረም ሞተች። በዚያው ዓመት የአባቴ የጡረታ ደብዳቤ መጣ፤ የኩባንያውን ቤት እስከ ጥር መጨረሻ እንዲለቁ ተነገራቸው። ከሁለታችን ከአንዳችን ጋር መኖር ነበረባቸው። በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቄ የፈለግሁት ነገር የለም። ከማን ጋር ይኖራሉ ማለት ለእኔ ማንን ይወዳሉ ማለት ነበር፤ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

በኅዳር አንድ እሑድ ሁለታችንም እሳቸው ቤት ተገናኘን። «አባባ፣ የበኩር ልጅ እኔ ነኝ፤ እኔ ጋ ነው የሚሆኑት» አልኳቸው።

እህቴ «ሁለቱም ቤታቸው ነው፤ እሳቸው የወደዱት ይሁን» አለች።

ይህ ንግግሯ ራሱ አንገበገበኝ። እንዲህ የሚለው እርግጠኛ የሆነ ሰው ነው።

አባቴ በሐዲድ ላይ ብርድ የበላውን ጉልበታቸውን እያሹ ሳቁ። «የኔ ጉልበት ፀሐይ ነው የሚፈልገው፤ በለስም እንደዚያው። እኔ ስለ ቤታችሁ ምን አውቃለሁ? ከጥምቀት በፊት መጥቼ በለሶቻችሁን አያለሁ፤ የበለጠ ያፈራችበት ቤት፣ እሱ ቤቴ ነው» አሉ። እህቴ ሳቀች። ባሎቻችንም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቤቴ ስደርስ በቀጥታ ወደ በርሜሉ ነው የሄድኩት።

ያልሞከርኩት የለም። ብርሃን እንዲመልስ ብዬ የኋላውን ግድግዳ ኖራ ቀባሁት። አመድ ነሰነስኩ። ከኮዬ ሁለት ኬሻ ፍግ አስመጣሁና በውኃ እየበጠበጥኩ በየሦስት ቀኑ አጠጣኋት። ፍግ ሲበዛባት በለስ ቅጠል እንጂ ፍሬ አትሰጥም፤ ይህንን ዛሬ ለጎረቤቴ ስነግራት እንደ አዋቂ ነው የምናገረው። ያኔ ግን እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ነበር፤ ባልታዘዘች ቁጥር እጨምርላት ነበር። ቅጠሏ ሰፌድ አከለ። ፍሬ የሚባል ግን አንድም የለም፤ አምስቱም እንኳ ቀሩ።

ታኅሣሥ ላይ እህቴና ባሏ ለሠርግ ወደ ሞጆ ሄዱ። ለአራት ቀን። የግቢዋን ቁልፍ የሰጠችው ለእኔ ነው። «እትዬ፣ በለሷን ውኃ አጠጪልኝ፤ አደራ፤ ዘንድሮ ደግሞ እንዴት እንደያዘች አላየሻትም» አለችኝ። አላየሻትም ትለኛለች።

በማግሥቱ ቀትር ላይ፣ ከናዝሬት የሚመጣው ባቡር ሊገባ ሲል፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ልማዱ ወደ ጣቢያው ወረደ፤ የሚሸጥ ሊሸጥ፣ ዘመድ የሚጠብቅ ሊቀበል። ያን ጊዜ በእጅ ጋሪ በርሜሌን ጭኜ እህቴ ግቢ ገባሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። በርሜል እንደሆን አንድ ነው፣ ቀለሙ አንድ ነው፣ ዘሩም አንድ ነው። የሷን እወስዳለሁ፣ የኔን አስቀምጣለሁ። ፍሬው ገና አረንጓዴ፣ የርግብ እንቁላል ያክል ነበር። ሞኝ አትበሉኝ፤ እንደሚታወቅብኝ ጠፍቶኝ አይደለም። እህቴ ዛፏን ከዛፌ እንደማትለይ ግን አውቅ ነበር። ነገር ከመጣም ዓይን በላት ይባላል።

የእህቴን በርሜል ገፋሁት፤ አልነቃነቅ አለ። ደረቅ ጭቃ ይዞት ነው ብዬ በሁለት እጄ አቅፌ ወዘወዝኩት። አሁንም እንቢ አለ። እግሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ። ከሥሩ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣና በርሜሉ ተዘነበለ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አውራ ጣቴን የሚያክል ሥር በቀዳዳው ወጥቶ መሬት ውስጥ ገብቶ ኖሯል፤ ተበጥሶ ነጭ ወተቱ ይንጠባጠባል። እህቴ በርሜሉን አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። ዛፏ ለካ ከዓመታት በፊት በርሜሉን ትታ ወርዳ፣ ከቦኖው የሚፈሰውን ውኃ እየጠጣች ነው የኖረችው።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እንዲህ የተበጠሰች በለስ ምን እንደምትሆን በስምንት ዓመቴ የተማርኩ ሰው ነኝ። ባቡሩ ግን ጮኸ፤ ሰው ሊመለስ ነው። በላዩ አፈር መለስኩበት፣ የኔን በርሜል በቦታው አቆምኩ፣ የሷን ይዤ ወጣሁ። ማታ ባሌ ከፋብሪካ ሲገባ ፍሬውን አይቶ «ፍጉ ሠራልሽ ማለት ነው» አለኝና ልብሱን ሊቀይር ገባ።

በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ጠወለገ። በአራተኛው ፍሬው ተጨማደደና አንድ በአንድ ይረግፍ ጀመር። ውኃ ጨመርኩ፣ ጥላ ሠራሁላት፣ ለመንኳት እንኳ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እህቴ ከሞጆ በተመለሰች በዚያው ሰዓት እየሮጠች መጣች። «እትዬ! በለሴን ዓይን በላት! ጥያት ስሄድ ያፈራች፣ ስመጣ ቅጠል ብቻ!» አለች። ከዚያ የኔን ግቢ አየች። «ውይ፣ ያንቺንም መታት! ሰፈራችን ምን ገብቶበታል?» ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰችና በጠርሙስ ጠበል ይዛ መጣች። መጀመሪያ የኔን በርሜል ረጨች። ቀስ እያለች፣ ቅጠሉን እየገለጠች ነበር የምትረጨው፤ እኔ አጠገቧ ቆሜአለሁ። እጇን በልብሷ እየጠረገች «እኔስ ምንም አይደል፣ ታፈራልኛለች። ያሳዘንሽኝ አንቺ ነሽ፤ ስንት ደክመሽባታል» አለችኝ።

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። የማስታውሰው ያን ጊዜም እንኳ መቅናቴን ነው። ዛፏን ሰርቄባት እንኳ ከእኔ የተሻለች ሆና ተገኘች።

አባቴ ከጥምቀት በፊት ባለው እሑድ መጡ፤ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ እኔ ጋ። በሩን አልፈው ሲገቡ ወዲያው ዓይናቸው በርሜሉ ላይ አረፈ። ጉልበታቸው እየጮኸ ቁጢጥ አሉ፣ በርሜሉን አዘንብለው እጃቸውን ወደ ቂጡ ሰደዱ። ብዙ ቆዩ። በየልደታው ሲያደርጉት ያየሁት ያው ዳበሳ ነበር።

«ይቺ መሬት ይዛ የኖረች ናት» አሉ በመጨረሻ። «ሥሯ ጣቴን ያክላል። አንቺ ደግሞ በየወሩ ታነሺ ነበር፤ እኔ አይደለሁም ያስተማርኩሽ?»

የኔ ዛፍ ብትሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሥር አይኖራትም። የዕድሜ ልክ ታዛዥነቴ መሰከረብኝ።

«እህትሽ ስትሄድ ቁልፉን ላንቺ ነው የሰጠችው?»

«አዎ፣ አባባ።» ከዚያ እንባዬ መጣ። «እኔ ጋ እንዲሆኑ ብዬ ነው። የሷ ያፈራል፣ የኔ አያፈራም፤ እርስዎ ራስዎ ያሉት ነው!»

አባቴ ተደግፈው ተነሡና እጃቸውን አራገፉ። የተቆጡ አልመሰሉኝም፤ የደከማቸው ነው የመሰሉት። «ያን ዕለት ቀልዴን ነበር» አሉ። «እኔ ከእናትሽ ሞት ጀምሮ የቆረጥኩት ወዳንቺ ለመምጣት ነው። ሣጥኔን ትናንት ቆልፌአለሁ። ዛሬ የመጣሁት አልጋዬን የት እንደምታደርጊልኝ ልጠይቅሽ ነበር።»

«ታዲያ ይምጡ! አሁንም ይምጡ፣ አባባ!»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም። ካቦ የሚሄደው ሐዲዱ ወደ ተጎዳበት ነው። የተጎዳችው እሷ ናት፤ ያውም ሳታውቀው።»

«ይነግሯታል?»

«እኔ ሐዲድ ጠጋኝ ነኝ፤ ወሬ አመላላሽ አይደለሁም» አሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ያን ቀን ከእህቴ ቤት ሲመለሱ በደጄ አላለፉም።

በጥር መጨረሻ ሣጥናቸውና የብረት አልጋቸው በጋሪ ተጭነው በደጄ አልፈው፣ አሥሩን ቤት ቆጥረው፣ እህቴ ጋ ገቡ። እናትየዋን በለስ ግን ለተተኪው ካቦ ትተውለት ሄዱ። እኔ የሰረቅኋት በግንቦት ሙሉ በሙሉ ደረቀች። በክረምቱ እህቴ ግቢ፣ እኔ ከበጠስኩት ሥር፣ ከበርሜሉ ጎን አንድ ቀንበጥ ብቅ አለ። አባቴ በእሾህ አጠሩት፤ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ላይ ያሳደጉት ዛፍ እሱ ነው። ለእህቴ የተበጠሰችውም በቀለችላት።

ስድስት ዓመት እዚያ ኖሩ። አሁን በየእሑዱ የምሄደው እኔ ሆንኩ። አባቴ ፊት ነስተውኝ አያውቁም፤ እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ያጫውቱኝ ነበር። ስነሣ በመሐረብ በለስ ቋጥረው ይሰጡኛል። ለዶሮ አልሰጠሁም፤ መንገድ ላይ እየሄድኩ እበላዋለሁ። ይጣፍጥ ነበር።

ሲሞቱ ድንኳኑ የተተከለው እህቴ ግቢ ነው። በሰልስቱ ለቀስተኛው ቀለል ሲል፣ እህቴ ፍራሹ ላይ ተጠግታኝ ተቀመጠች፤ ዓይኗ አብጧል። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሁልጊዜ ይከነክነኛል» አለችኝ። «የበኩር ልጅ አንቺ፣ ቤት አያያዝ የምታውቂ አንቺ፣ የታዘዝሽውን አንድም የማትረሺ አንቺ። እኔ ዝርክርክ ነኝ። ለምንድን ነው አባባ ከሁለታችን እኔን የመረጡኝ?»

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። አንቺን አልመረጡም፤ የመረጡት እኔን ነው፤ ሣጥናቸውን የቆለፉት ወደ እኔ ለመምጣት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስሻው የኖርኩት ቃል እጄ ላይ አለ፤ ማውጣት ግን አልችልም። እሱን ካወጣሁ ሌላውንም ማውጣት ሊኖርብኝ ነው።

«አብልጠው ይወዱሽ ስለነበር ነዋ» አልኳት።

ትከሻዬ ላይ ራሷን ጣል አድርጋ አለቀሰች፤ እንባዋ ግን የደስታ ነበር። ፊቷን ቀና ስታደርግ አየሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ፣ በገዛ ውሸቴ ቀናሁባት።